የሻምበል ጥሩ ቀን

ጥቅምት ፫ ቀን
አየሩ ደመናማ፤ ነፋስ አለ፣ ዝናብ የለም።
ቤት ያለነው፦ እኔና ወንድሜ።

ለአክስቴ ልጅ፣

ባለሽበት ጤና ይክበብሽ፤ የምትሄጂበት መንገድ ይቅናሽ፣ የምትይዢው ሁሉ ይባረክልሽ። እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን።

በአየሩና በቤት ባለው ሰው መጀመሬ አይግረምሽ። የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅቱ ግድግዳችን ላይ የሰቀለው መዝገብ እንደዚያ ነው የሚጀምረው፤ ቀኑ፣ አየሩ፣ ማን እንደነበረ። ወደድኩት። እኔ ማንበብና መጻፍ የለመድኩት፣ እንደምታውቂው፣ ላውንደሪ ቤት በየልብሱ ኪስ ከሚረሳ ወረቀት ነው። ደረሰኝና የመድኃኒት ማዘዣ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀመር አያስተምርም።

ሻምበል ደህና ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞላው። ዛሬም ግቢው ውስጥ ከቧንቧው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ቧንቧው ይመላለሳል። ስሙን ያወጣለት ልብስ ሰፊው ከማዶ ሱቁ ሆኖ ‹ሻምበል፣ ጦሩ ደህና አደረ?› ይለዋል። አይመልስለትም። ግን ሰውየው ታሞ ሱቁ ተዘግቶ የዋለ ዕለት ሻምበል በሩ ላይ ቆሞ ወደ ማዶ ሲያይ ነበር። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አንድም ቃል አልጨመረም። እኛም መጠበቁን ትተናል።

ሐኪም ቤት ያለበትን ነገር ስም ጽፈው የሰጡኝ ባለፈው ዓመት ነው። ኦቲዝም ይባላል አሉኝ፤ የአእምሮ እድገት ውስንነትም አብሮ አለበት። እናታችን ይህን ሳትሰማ ሞተች። ‹ልጄ ዝምተኛ ነው› እንዳለች።

አሁን የምጽፍልሽን እንደ ቀላል ነገር አንብቢው። ግራ ጡቴ ሥር እብጠት ወጥቷል። መውጣት አለበት ተብሏል። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል እተኛለሁ፤ ከዚያ ሁለት ወር በግራ እጄ ምንም አላነሣም። ተራዬ ግንቦት አምስት ነው። ‹ያ ቀን ቢያልፈኝስ?› አልኩት ሐኪሙን። ‹እሱን ቀን አታሳልፊው› አለኝ።

ችግሩ ሻምበል ነው። ልብስ ሰፊው ሰባ አልፎታል፣ እግሩም አይታዘዘውም፤ ሻምበል ሲደነግጥ ደግሞ ሁለት ጎረምሳ አይችለውም። ማቆያ የሚሉትን ቤት ሄጄ አየሁት። በሩ የሚቆለፈው ከውጭ ነው። ተመለስኩ። የቀረው ድርጅቱ ነው። እኔ ሥራ ስውል ሠራተኛ ይልካሉ። አንቺ በዚሁ ሥራ ውስጥ ነሽና እዚያ እንዴት እንደሚያደርጉት ጻፊልኝ። ጥሩ የሚባለው ምን ዓይነት ነው?

እህትሽ


ጥቅምት ፳፬ ቀን
አየሩ እዚህ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ግራጫ።
ቤት ያለሁት እኔ ብቻ።

እትዬ፣

ምርቃትሽ ደርሶኛል፤ እጥፍ ሆኖ ይመለስልሽ። እንደ ቀላል ነገር አንብቢው ያልሽውን ግን አልቻልኩም። አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩትና አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መሐረብ ሰጡኝ። ልወርድ ስል እጃቸውን ዘርግተው መሐረባቸውን ተቀበሉኝ። እንደዚህ ያለ አገር ነው ያለሁት።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እዚህ ሁሉም ነገር በሥርዓት ነው። ሰው ሁሉ ፋይል አለው፤ ድመቶቹም ሳይኖራቸው አይቀርም። ከምጠብቃቸው ውስጥ አንድ ሰውዬ አለ፤ ሰዓት ሠሪው እንለዋለን። የግድግዳ ሰዓት ፈታቶ ይገጥማል፤ ብቻውን ነው የሚኖረው። እንደ ሻምበል አይናገርም፣ እንደ ሻምበል ከኋላው ከነኩት ይበረግጋል። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ አለ። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚወድ፣ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ተጽፎበታል። ምንም የማያውቅ አዲስ ሠራተኛ ቢላክ ያንን አንብቦ ይገባል። ጥራት የሚሉት እሱን ነው።

ለሻምበልም ጻፊለት። ግን ክፉ ክፉውን አትደርድሪ። ‹አስቸጋሪ› ተብሎ ከተጻፈ ማንም አይመጣለትም። አንድ ጥሩ ቀኑን ውሰጂና እንደ ሆነው አድርገሽ ከጠዋት ጀምሮ ጻፊው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመላለሰ። ያነበበው ሰው ‹ይሄማ ይቻላል› እንዲል።

ለግንቦት ደግሞ አትጨነቂ። ፈቃድ ወስጄ እኔው እመጣለሁ። ያንን ልጅ በጀርባዬ ያዘልኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ትከሻዬ ላይ ያለው የጥርሱ ምልክት እስካሁን አልጠፋም። ሦስት ሳምንቱንም ሁለት ወሩንም እኔ ላይ ጣይው።

ያንቺው


ኅዳር ፲፮ ቀን
ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ።
ቤት ያለነው፦ እኔና ወንድሜ፤ እስከ አሥር ሰዓት ረጅሟ ነበረች።

ለአክስቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽ እንደ ሰው ነው የገባው። እመጣለሁ ያልሽውን ቦታ ለሻምበል ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። መስማቱን እንጃ፤ እኔ ግን ሰማሁት።

ያልሽውን አደረግኩ። ከሥራ መልስ ስምንት ቀን ፈጀብኝ። እንዲህ ይላል፦

‹ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሣ። ከፊት ለፊቱ ቆምኩ፤ መዳፌን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጠበቅኩት። መዳፌን ከነካ በኋላ ታጠበ። ዳቦውን አውራ ጣት በሚያህል ቆርሼ አንድ አንድ ሰጠሁት። እንቁላሉን በሌላ ሳህን አቀረብኩ፤ ምግብ ከምግብ ሲነካካ አይበላም። ሁለቱንም ጨረሰ። እጀታ በሌለው ኩባያ ሁለት ጊዜ ውኃ ጠጣ። አይጠይቅም፤ እጁ ላይ አስያዝኩት። ከቧንቧው እስከ በሩ አርባ ጊዜ ተመላለሰ። ደስ ብሎት ዋለ፤ ደስ ሲለው በጣቶቹ አገጩን ይመታል።›

የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ ተቀምጣ ደገመችው።

‹ማን ጻፈልዎት?›

‹እኔው ነኝ።›

‹ሥራዎ ምንድን ነው?›

‹ልብስ ተኳሽ።›

‹እንደዚህ ያለ ገጽ በየቤቱ ቢኖረን!› አለችና ኮፒ ልታስደርግ ይዛው ሄደች። አልዋሽሽም፣ የዚያን ቀን አንገቴ ቀና ብሏል።

ረጅሟ ስለምላት ሠራተኛ አልነገርኩሽም። መጀመሪያ የመጣች ቀን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም አላደረገችም። ልቆጣት ስል ‹እትዬ፣ እኔ ነኝ እንግዳ፤ እሱ ይቀበለኝ እንጂ› አለችኝ። ሻምበል ዞሮ ዞሮ መጥቶ ጫማዋን አሸተተ። ያኔ ተነሣች። ከዚያ ወዲህ እኔ ላውንደሪ ቤት ቆሜ አንሶላ ስተኩስ ልቤ ከእጄ ጋር ነው የሚውለው።

ዛሬ ስትወጣ ግን በሩ ላይ ቆመች። ‹ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰፈር ነኝ› አለች። ‹ጎበዝ ስለሆንሽ ከባድ ቤት ይሰጥሽ ተባለ። እዚህ ገጹ ስላለ ማንም ይሠራዋል አሉ።›

ስለዚህ ረጅሟን ያጣናት በእኔ ጽሕፈት ነው ማለት ነው። ምን ይባላል? ሌላ ትመጣለች። አንቺ የፈቃድሽን ቀን ስታውቂ ጻፊልኝ።

እህትሽ


ታኅሣሥ ፲፪ ቀን
አየሩ፦ በረዶ።
ቤት ያለሁት እኔ፣ እግሬን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ።

እትዬ፣

ጤናሽን ይስጥሽ። ይቅርታ፣ አጭር ነው። ሁለት ሠራተኞች ለቀው ቤታቸውን ለእኛ አከፋፈሉን። በቀን አሥራ አንድ ቤት እገባለሁ። ስሮጥ የሚያየኝ ሰው ሌባ የሚያባርረኝ ይመስለዋል፤ ወይም እኔው ሌባዋ።

ገጹ እንዴት ያምራል! እዚህ ለሠራተኞቹ ተርጉሜ ነገርኳቸው። ረጅሟ በመሄዷ አትዘኚ። ገጽ ካለ ሰው ይተካል፤ የተጻፈውም ለዚያ ነው። ቅሬታም አታብዢ፣ ቶሎ ይሰለቻሉ።

ስለ ፈቃዱ ጠይቄያለሁ። ሻምበልን ሳሚልኝ። እሺ ካለሽ።

ያንቺው


ጥር ፲፯ ቀን
ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ፤ ከትናንት ጀምሮ አላባራም።
ቤት ያለነው፦ እኔና ወንድሜ።

ለአክስቴ ልጅ፣

በረዶው ይዘንልሽ፤ እግርሽን አደራ።

ከረጅሟ ወዲህ አራት ሠራተኛ አይተናል። አሁን ያለችው ወጣት ናት፤ ጆሮዋ ላይ ሁልጊዜ ማዳመጫ አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት ልብስ ሰፊው ጠራኝ።

‹ያቺ ባለ ማዳመጫዋ ልጅ ገብታ ወጣች›

‹መቼ?›

‹ዛሬ። መርፌዬ ላይ ክር ሳላስገባ›

‹አንተ ክር ለማስገባት ግማሽ ቀን ይፈጅብሃል›

‹ዓይኔን ብትሰድቢው አይከፋኝም፤ እሷን ግን አይቻታለሁ› አለ።

መዝገቡን አወረድኩ። ‹ዳቦውን አውራ ጣት በሚያህል ቆርሼ አንድ አንድ ሰጠሁት። እንቁላሉን በሌላ ሳህን አቀረብኩ። ከቧንቧው እስከ በሩ አርባ ጊዜ ተመላለሰ።› ወደ ኋላ ገለጥኩ። የዚያን ሳምንት ሁሉ እንደዚያው ነው፤ ያለፈውም ሳምንት። አየሩ ሁሉም ላይ ፀሐይ ነው። ያን ሳምንት ዘንቦ ነበር፤ የፍሳሽ ቧንቧ ሊቀይሩ ግቢውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆፍረውታል። ዶሮ እንኳ አይመላለስበትም። ሻምበል አሥራ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣም።

እያንዳንዷ ቃል የእኔ ናት። ኅዳር ላይ ስምንት ቀን የለፋሁባት።

በነጋታው ከሥራ አስፈቅጄ ጠበቅኳት።

‹እህቴ፣ ግቢው ተቆፍሮ የለ እንዴ?›

‹አዎ፣ እትዬ። ልወድቅ ነበር።›

‹አርባ ጊዜ ተመላለሰ ይላል።›

መዝገቡን አየችው። ‹ገጹ ላይ እንደዛ ነው የሚለው።›

‹ገጹ አንድ ቀን ነው። ያ ቀን አልፏል።›

ማዳመጫዋን አወለቀች። ‹በቀን ዘጠኝ ቤት አለኝ። ካልጻፍኩ ደሞዜ ይያዛል። እርስዎ ደግሞ አሳምረው ጽፈውታል፤ እኔ እንደዛ አልችልበትም። አይቆጡኝ።›

ልቆጣት ነበር የጠበቅኳት። ጫማዋ ውኃ ገብቶበት ጭብጭብ ይላል። ደረቅ ካልሲ ሰጥቼ ሸኘኋት፤ ለምን እንደሰጠኋት አላውቅም።

ተቆጣጣሪዋ ጋ ሄድኩ። ‹ወንድሜ እየከሳ ነው› አልኳት።

‹መዝገቡ ላይ በደንብ እየበላ ነው።›

‹ሱሪው ይወልቅበታል።›

‹ቀበቶ ይግዙለት፣ እትዬ። የእርስዎ ፋይል ከሁሉም አንደኛ ነው። የጥራት መርማሪዎች ሲመጡ የምናሳየው የእርስዎን ነው። አሁን ቅሬታ ቢጽፉ ለወንድምዎ አይበጅም፤ ወረፋ የሚጠብቅ ስንት ቤት አለ።›

አሁን ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። ለተቆጣጣሪዋ በሙያሽ አንድ ደብዳቤ ጻፊላት፤ የባለሙያ ቃል ትሰማ ይሆናል። ሁለተኛው፣ የምትመጪበትን ቀን ቁረጪልኝ። እብጠቱ እጄን ሳነሣ ይወጋኝ ጀምሯል።

እህትሽ


የካቲት ፳፰ ቀን
ሙቀት።
ቤት ያለነው፦ እኔና ወንድሜ።

ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤዬ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ደግሜ እጽፋለሁ። ደህና አለመሆንሽን ፈራሁ።

መርማሪዎቹ መጡ። ሁለት ናቸው፤ ጨዋ ሰዎች፣ ጫማቸውን በር ላይ ጠራርገው ነው የገቡት። ጠረጴዛው ላይ መዝገቡን ዘርግተው አንድ ሰዓት አነበቡ። ገጹ ጋ ሲደርስ አንደኛው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ሻምበል ጓዳ ነበር። ማንም ልየው አላለም። ‹ላምጣላችሁ?› አልኳቸው። ‹አይረብሹት› አሉኝ። ድርጅቱ ከፍተኛ ነጥብ አገኘ፤ ተቆጣጣሪዋ ተደስታ እጄን ጨበጠችኝ።

ላውንደሪ ቤት ግማሽ ቀን ብቻ እንድሠራ ለምኜ ፈቅደውልኛል። ከሰዓት በኋላ ያለውን እኔ እሸፍናለሁ። ጠዋቱን አላውቀውም።

ለተቆጣጣሪዋ ደብዳቤው ይቅር። ምክርም አልፈልግም። ነይልኝ ብቻ። መምጣትሽ የማይሆን ከሆነም አንድ መስመር ጻፊልኝ፤ ዝም አትበዪኝ። ዝም የሚለኝ ሰው ቤቴ ውስጥ አለኝ።

እህትሽ


ሚያዝያ ፱ ቀን

እትዬ፣

ሰላምታውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ያለ ሰላምታ ተቀበይኝ።

ሰዓት ሠሪው ሞቷል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው። የክፍሉ ማሞቂያ ተበላሽቶ ቀን ከሌት ይነድ ነበር፤ እሱ አያጠፋውም፣ ውኃም አይጠይቅም። ኩባያውን እጁ ላይ ማስያዝ ነበረብን። ገጹ ላይ ተጽፏል። እኔ አራት ቀን በተከታታይ ‹ሁለት ብርጭቆ ጠጣ› ብዬ ጻፍኩ። ለአንድ ቤት የሚሰጠን ሩብ ሰዓት ነው፤ መንገዱም ከዚያው ላይ ይቆጠራል። በር ላይ ቆሜ ሰላም አልኩት፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሰዓት ይፈታል፣ ደህና መሰለኝ፣ ጻፍኩ፣ ሮጥኩ። በአምስተኛው ቀን ወለል ላይ አገኘሁት። ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆየ።

አጣሩ። ፋይሉ ሙሉ ነው አሉ። አልተባረርኩም፤ አልተወቀስኩም። ባልደረቦቼ አቅፈውኝ ‹ያንቺ ጥፋት አይደለም› አሉኝ፤ እያንዳንዳቸው እንደዚያው ስለሚጽፉ። ዛሬም አሥራ አንድ ቤት ገብቼ ነው የመጣሁት። የጻፍሽው ጥሩ ቀን ግልባጭ መዝገቡ ላይ ተገኘ ያልሽኝ ደብዳቤ የደረሰኝ አጣሪዎቹ በጠሩኝ ሳምንት ነው። አንብቤ ትራስ ሥር ከተትኩት።

ጥቅምት ላይ ስለዚህ አገር የጻፍኩልሽ ሁሉ ሥልጠና ላይ ከሰጡን መጽሐፍ ነው። ገጽ ጻፊለት ስልሽ፣ እኔ ከእንደዚያ ያለ ገጽ ስገለብጥ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናንተ ጋ እንደዚህ አያደርጉም ብዬ ነው ማለት እፈልጋለሁ። እውነቱ ግን ምንም አላልኩም፤ አላሰብኩትም።

አልመጣም። ፈቃዱ ተሰጥቶኛል፤ ሌላ ሰበብ ላበጅልሽ እችል ነበር። እጄን አላምነውም፣ እትዬ። ሩብ ሰዓት ለምዷል። ቤት ገብቼ ሰው ከማየቴ በፊት እስክሪብቶ ነው የሚፈልገው። ሻምበል ፊት ይዤው አልቆምም።

አንቺ ግን ሂጂ፣ ታከሚ። ድርጅቱም ቢሆን አለ። ጎደሎም ቢሆን ሦስት ሳምንት ነው፤ አንቺ ከሞትሽ ዕድሜውን ሙሉ ነው። ይሄን ስልሽ አትጥዪኝ። ብትጠዪኝም ሂጂ።


ግንቦት ፭ ቀን
ዝናብ።
ቤት ያለነው፦ እኔና ወንድሜ።

ለአክስቴ ልጅ፣

ጤና ይክበብሽ። እንደ ልማድ አይደለም የምለው። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ልጠላሽ ሞክሬ አልቻልኩበትም። የሟቹን ሰውዬ ነፍስ ይማር።

ምክርሽን ተቀብዬ ነበር። ከሞትኩ ዕድሜውን ሙሉ ነው ያልሽው ትክክል ነው። ከተቆጣጣሪዋ ጋር ተነጋገርኩ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ሠራተኛ ሊልኩ፣ ለምሽቱ ልብስ ሰፊው በረንዳው ላይ ሊያድር። ግን አንድ ቀን ልፈትነው ብዬ ትናንት ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ለባለ ማዳመጫዋም ደውዬ ‹ከዛሬ ጀምሮ የለሁም› አልኳት። ‹አይዞዎት፣ እትዬ› አለችኝ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሬ ልብስ ሰፊው ሱቅ፣ ከተሰቀሉት ኮቶች ጀርባ ተቀመጥኩ።

ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ገባች። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ወጣች፤ ዘጠኝ ደቂቃ። ቀትር ላይ ማንም አልመጣም። እኔ ተነሣሁ።

‹የት?› አለኝ ልብስ ሰፊው።

‹ምሳ አልበላም።›

‹ሦስት ሳምንት የምትሄጂው ሰው ግማሽ ቀን አቃተሽ?›

ተመልሼ ተቀመጥኩ። እሱም መኪናውን አቆመ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ልብስ አልሰፋም። ‹ጦሩ ተከበበ› አለ አንድ ጊዜ፤ እኔም አልሳቅኩም፣ እሱም አልሳቀም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ የማላውቃት ሴት ገባች፤ እሷም ቶሎ ወጣች። አሥር ሰዓት ላይ ተሻገርኩ።

ወደ ግቢው እንዳይወጣ ከባዱን ጠረጴዛ ወደ በረንዳው ስበው በሩን ከውጭ ዘግተውበታል። ሳህኑ ላይ እንቁላሉ ከዳቦው ጋር ተደበላልቋል፤ አልነካውም። ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነው። የግራ እጁን አንጓ ነክሶ አድምቶታል፤ ደሙ ደርቋል። ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። ጠራሁት። ድምፄን ያውቃል፤ እሱን እርግጠኛ ነኝ። አልዞረም።

መዝገቡን አወረድኩ። ‹ሁለቱንም ጨረሰ። ሁለት ጊዜ ውኃ ጠጣ። ደስ ብሎት ዋለ።› ገጹን ስገልጥ የዛሬውም፣ የግንቦት አምስትም፣ ተጽፎ አልቋል። አየሩ ፀሐይ ነው ይላል።

ስለዚህ የዛሬን ጠዋት እኔ እጽፍልሻለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ዝናብ ነበር። ውኃ አሞቅሁ። ሻምበል ተነሥቶ ነበር፤ ሊቀርበኝ አልፈለገም። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ቀረበኝ። አጠብኩት። ቁስሉን በጨው ውኃ ጠርጌ በነጭ ጨርቅ አሰርኩት። ሁለት ጊዜ ፈታው፤ ሦስተኛውን ተወው። ዳቦ በላ።

አውቶቡስ ስለማይችል በእግር ሄድን። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ሆስፒታሉ የደረስነው አራት ሰዓት ላይ ነው። ወረፋው ላይ አምስተኛ ነበርኩ።

‹ታካሚዋ እርስዎ ነዎት?› አለኝ መዝጋቢው።

‹አዎ።›

‹እሱስ?›

‹ወንድሜ ነው። አልጋዬ ሥር ወለሉ ላይ ቢተኛ?›

‹እህቴ፣ የሴቶች ክፍል ነው።›

‹አይናገርም። ማንንም አያስቸግርም።›

ሻምበል ከመስኮቱ እስከ አግዳሚው ወንበር መመላለስ ጀምሮ ነበር። የተቀመጡት ሰዎች እግራቸውን ይሰበስቡለታል። አንዲት ሴት ልጇን አቀፈች። መዝጋቢው አየውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ‹ዘመድ የለውም?›

‹የለውም› አልኩ።

‹ሌላ ቀን ልስጥዎት? ቅርቡ ለከርሞ ጥር ነው።›

ሐኪሙ ያለኝን አሰብኩ። ከኋላዬ ልጃቸው ደግፋ የያዘቻቸው እናት ቆመዋል። ‹አልጋውን ለእሳቸው ስጧቸው› አልኩት።

ቅጽ አወጣ። ምክንያት የሚል ቦታ አለው።

‹ወንድሟን የሚጠብቅ የለም ብለው ይጻፉልኝ።›

‹እንደሱ የሚል የለም። ያለው ሦስት ነው፦ ድናለች፣ ሞታለች፣ በራሷ ፈቃድ ትታለች።›

ሦስተኛው ላይ ምልክት አደረገ። ፈረምኩ።

ወንድሜን ጠራሁት፤ ወጣን። ስንመለስም ዝናቡ አላባራም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ገባን። እርጥብ ልብሱን አወለቅኩለት። ድንች ቀቅዬ አበላሁት። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ።